ወስፋትና ዘመዶቹ በምን ይታወቃሉ?

በሰላ ድንጋይና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሆድ ትል ነገር ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚጠራው ሁለት ስም ነው። አንዱ ኮሶ ነው፤ ሌላው ወስፋት ነው። ሆዱን የነፋው ሰው «ኮሶዬ ነው» ይላል። የራበው ሰው ደግሞ «ወስፋቴ ጮኸ» ይላል። ስማቸውን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ብዙ ሰው ሁለቱን ትሎች እንደ አንድ ያያቸዋል። አንዱን ለማስወጣት የሌላውን መድኃኒት ይጠጣል። መድኃኒቱ አልሠራ ሲለው «ትሉ ለመደው» ይላል። ትሉ መቼ ለመደው? መድኃኒቱ ከመጀመሪያውም ለዚያ ትል የተሠራ አልነበረም እንጂ።

ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል። ሰው ሆድ ውስጥ የሚኖሩ ትሎች በቅርጻቸው ይለያያሉ። አንዳንዶቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ እንደ ጥብጣብ ወይም እንደ ቅጠል። ሌሎቹ እንደ ገመድ ዙሪያቸውን ክብ ናቸው፤ እነዚህ ድቡልቡል ትሎች ይባላሉ። ኮሶ ጠፍጣፋ ነው። ወስፋት ድቡልቡል ነው። በዘርም በአኗኗርም አይገናኙም።

ኮሶ ያለበት ሰው ሙሉውን ትል አያይም። የሚያየው ቁራጩን ነው። ቁራጩ ነጭና ጠፍጣፋ ነው፤ መጠኑም የዱባ ፍሬ ያህላል። አንዳንዴ ሰውዬው ሜዳ ሳይወጣ በራሱ ጊዜ እየተንቀሳቀሰ ይወጣና ልብስ ላይ ይገኛል። ሙሉው ትል ግን ከ5 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ኮሶ የሚመጣው ከጥሬ የከብት ሥጋ ነው። ቁርጥና ለብለብ ክትፎ የማይበላ ሰው ይህ ትል አይዘውም። የኮሶ ዛፍ አበባ፣ እንቆቆና መተሬ አያቶቻችን ለዚህ ለጠፍጣፋው ትል ያገኟቸው መድኃኒቶች ናቸው። ለዚህ ለዚህ ሠርተዋል። ይሁን እንጂ የኮሶ አበባ ሲበዛ መርዝ ነው፤ ዓይን እስከ መጉዳት ይደርሳል። መጠኑን ለክቶ የሚሰጥ ስለሌለ ዛሬ በጤና ጣቢያ የሚሰጠው እንክብል ይሻላል።

ወስፋት ግን ከሥጋ አይመጣም። ይህን ነገር ደግመን እንበለው፤ ምክንያቱም «እኔ ጿሚ ነኝ፤ ሥጋ አልበላም፤ ትል ከየት ይመጣብኛል?» የሚሉ አሉና። ወስፋት ጾመኛውንም ፍስክ የሚበላውንም ይይዛል። ስኳርና ጣፋጭ መብላትም ወስፋት አይወልድም። ወስፋት የሚመጣው ከአፈር ነው፤ አፈሩም ቀድሞ የሰው ሰገራ የነካው አፈር ነው።

ወስፋት ምን ይመስላል? የምድር ትል ያያችሁ ሁሉ ወስፋትን ብታዩ ታስታውሱታላችሁ። ቀለሙ ነጣ ብሎ ወደ ሮዝ ያደላል። ውፍረቱ እርሳስ ያህላል ወይም ትንሽ ይቀጥናል። ሁለቱም ጫፍ ሹል ነው። ሴቷ ከ20 እስከ 35 ሳንቲሜትር ትረዝማለች። ከመካከለኛው ጣታችሁ ጫፍ እስከ ክንዳችሁ መሀል ያለው ርቀት ያን ያህል ነው። ወንዱ አጠር ይላል፤ ጅራቱም ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል። እንደ ኮሶ በቁራጭ አይወጣም፤ ሲወጣ ሙሉውን ነው።

አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ቁጥሩ የተጋነነ ይመስላል፤ ግን ተቆጥሮ የተገኘ ነው። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ዛሬ የወጣ እንቁላል ዛሬ ሰው አያሲዝም። እንቁላሉ በእርጥብና በጥላ አፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሽሉ ያድጋል። እንደኛ ባለ ብርዳማ ደጋ ደግሞ የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው። ታዲያ ብርዱ ያዘገየዋል እንጂ አይገድለውም። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ አፈር ውስጥ ለዓመታት በሕይወት ይቆያል። ዝናብ ያጥበውና ወደ ማሳው፣ ወደ ጓሮው፣ ወደ ምንጩ ይወስደዋል።

የእሸት ጊዜን አስቡ። ልጆች ባቄላ ማሳ ገብተው እሸት ይለቅማሉ። ባቄላው በገለባው ውስጥ ሳለ ንጹሕ ነው። ነገር ግን ያው ማሳ ሰው ተሸሽጎ ሜዳ የሚወጣበት ቦታም ነው። ልጁ አፈር በነካ እጁ ገለባውን ይፈለፍላል፤ በዚያው እጁ ፍሬውን ወደ አፉ ይጨምራል። እንቁላሉ በዓይን አይታይ፣ አይሸት፣ አይጎረብጥ። በጥሬው የሚበላ ካሮትና ሰላጣም እንዲሁ ነው። ተቀቅሎ የበሰለ ጎመን ግን አያሰጋም፤ እሳት ይገድለዋልና።

የተዋጠው እንቁላል አንጀት ውስጥ ይፈለፈላል። ከዚያ በኋላ የሚያደርገው ጉዞ አስገራሚ ነው። በዓይን የማትታየው እጭ የአንጀቱን ግድግዳ ትበሳና ደም ውስጥ ትገባለች። ደሙ ወደ ጉበት ይወስዳታል፤ ከጉበት ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ ሳንባ። ሳንባ ውስጥ ጥቂት ቀን ትሰነብታለች። ከዚያም በመተንፈሻ ቧንቧ ወደ ላይ ወደ ጉሮሮ ትወጣለች። ሰውዬው ሲያስል ይውጣታል። ስለዚህ እንደገና ወደ ሆድ ትወርዳለች፤ አሁን ግን አድጋ ልትቀመጥ ነው። ከሁለት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ አድጋ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። የወስፋት ልጅ አንዳንዴ ጉንፋን ሳይኖርበት የሚያስለውና የሚያፍነው በዚህ ጉዞ ምክንያት ነው።

ወስፋት ሆድ ውስጥ አይራባም። እንቁላሉ ሁሉ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ስለዚህ 20 ወስፋት የወጣለት ልጅ ቢያንስ 20 እንቁላል ወደ አፉ አስገብቷል ማለት ነው። አንዱ ትል የሚኖረውም ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ነው። አዲስ እንቁላል ካልተዋጠ አሮጌዎቹ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ይሞታሉ።

«ወስፋት የሌለበት ሰው ምግብ አይፈጭለትም» የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ሽማግሌ ይከበራል፤ ይህ አነጋገር ግን ትክክል አይደለም። ምግብ የሚፈጨው ጨጓራና አንጀት ነው። ወስፋት ከተፈጨው ላይ የሚሻማ እንግዳ ነው። «ወስፋቴ ጮኸ» ስንልም የጮኸው አንጀታችን ነው፤ ውስጡ ባለው አየርና ፈሳሽ ምክንያት ነው የሚጮኸው። ትሉ ድምፅ የለውም።

ጥቂት ወስፋት ያለበት ትልቅ ሰው ምንም ላይሰማው ይችላል። ሕፃን ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሆዱ ይነፋል፤ ክንዱና እግሩ ይከሳል፤ አያድግም። ሲበዙ ደግሞ ትሎቹ እርስ በርሳቸው እንደ ልቃቂት ተጠቅልለው አንጀት ይዘጋሉ። ይህ ገዳይ ነው። ምልክቱን እወቁት። ሆዱ ይወጠርና ይደድራል። ልጁ በጣም እያመመው ያለማቋረጥ ያስመልሰዋል፤ አንዳንዴም ትል ያስመልሳል። ሰገራም ፈስም አልወጣ ይለዋል። እንዲህ ላለው ልጅ ኮሶ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ ነገር ማጠጣት እሳት ላይ ዘይት መጨመር ነው። ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ፣ እነርሱም ወደ ሆስፒታል ካሉ ያንኑ ቀን ደብረ ብርሃን ማድረስ ነው። አንዳንድ ጊዜ የሚያድነው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዘመድ እንለፍ። ስሙ መንጠቆ ትል ነው። ራሱ እንደ መንጠቆ ቆልመም ስላለ ነው ይህ ስም የወጣለት። ርዝመቱ 1 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ ቀጭን ክር ይመስላል። አንጀት ነክሶ ስለሚይዝ በራሱ እምብዛም አይወጣም። ስለዚህ ሰው ለዓመታት ተሸክሞት ሳያውቀው ይኖራል። ከሁሉም ትሎች የሚያስፈራኝ ይኼ ነው፤ የሚጠጣው ደም ነውና።

መንጠቆ ትል የሚወደው ሙቀትና እርጥበት ነው። ብርዱ ስለሚከለክለው ሰላ ድንጋይ ላይ እንደ ቆላው አይመቸውም። ነገር ግን የደጋ ሰው ደጋ ብቻ አይኖርም። ለቀን ሥራና ለአጨዳ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ሌላው ቆላ የሚወርድ ብዙ ነው። በሞቃት እርጥብ አፈር ውስጥ እንቁላሉ በአንድ ሁለት ቀን ይፈለፈላል። እጩ በሳምንት ገደማ ሰው ለመያዝ ይደርሳል። ያኔ ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው ሲመጣ በጣቶቹ መሀል ቆዳውን በስቶ ይገባል። ቦታው ያሳክካል፤ ሽፍ ይላል፤ ከዚያም ይጠፋል። ሰውዬው ይረሳዋል። እጩ ግን እንደ ወስፋት በሳንባ ዞሮ አንጀት ይደርሳል።

አንዱ ትል በቀን የሚጠጣው ደም በጣም ጥቂት ነው። ግን እንደምር። ደም ቆጣቢ ከሚባለው ዓይነት እንኳ መቶ ትል ያለበት ሰው በወር አንድ የቡና ሲኒ የሚያህል ደም ያጣል። ከዚያ የሚብስ ሌላ ዓይነትም አለ። በአገራችን ሁለቱም ይገኛሉ። ደሙ ያለቀበት ሰው ይገረጣል። ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ልቡ ይመታል። የታችኛውን የዓይኑን ሽፋን ዝቅ አድርጋችሁ ስታዩ መቅላት ሲገባው ነጥቶ ታገኙታላችሁ። ጎበዝ አራሽ የነበረ ሰው ሞፈሩ ይከብደዋል፤ ጎረቤቱ «ሰነፈ» ይለዋል። ነፍሰ ጡር ላይ ሲሆን ለእናቲቱም ለፅንሱም አደጋ ነው፤ በወሊድ ጊዜ የሚፈሰውን ደም የምትችልበት አቅም አይኖራትምና።

ሦስተኛው ጅራፍ ትል ነው። የፊቱ ክፍል እንደ ጅራፍ ጫፍ ቀጭን ነው፤ የኋላው እንደ እጀታው ወፈር ይላል። ርዝመቱ 4 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። የሚይዘውም እንደ ወስፋት ከአፈር በአፍ በኩል ነው። ሲበዛ ልጁን ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያስይዘዋል። አልፎ አልፎም መቀመጫው ወደ ውጭ ይገለበጣል።

ማታ ማታ ልጆችን መቀመጫቸው ላይ የሚያሳክክ፣ እንደ ነጭ ክር ያለች ትንሽ ትልም አለች። እርሷ እንኳ ከአፈር አትጠብቅም። ሌሊት ወጥታ እንቁላሏን እዚያው ቆዳው ላይ ትጥላለች። ልጁ ያካል፤ ጥፍሩ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወደ አፉና ወደ ወንድሞቹ ያልፋል። ስለዚህ የምትታከመው ቤተሰቡ በሙሉ ነው፤ ጥፍርም መቆረጥ፣ አንሶላና ልብስም መታጠብ አለበት።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ሩቅ ዘመዳቸው ላንሣ። ጊኒ ዎርም ይባላል፤ በአገራችን የሚታወቀው ጋምቤላ ነው። እስከ 1 ሜትር ይረዝምና ቆዳ በስቶ በእግር በኩል ይወጣል። በአንድ ጊዜ መጎተት ስለማይቻል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በእንጨት ላይ እየተጠቀለለ ይወጣል። የሚይዘው ባልተጣራ የኩሬ ውኃ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 በዓለም ላይ 3.5 ሚሊዮን የሚሆን ሰው በየዓመቱ ይይዝ እንደነበር ይገመታል። በ2024 የተመዘገበው 15 ሰው ብቻ ነበር። ክትባት የለውም፤ የሚገድለው መድኃኒትም የለውም። ይህ ሁሉ የሆነው ሰው ውኃውን በጨርቅ እያጣራ ስለጠጣ፣ ትል የሚወጣለት ሰውም ኩሬ እንዳይገባ ስለተደረገ ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ ወስፋትም መንጠቆ ትልም ጅራፍ ትልም የሚተላለፉት በአንድ መንገድ ነው። የሰው ሰገራ አፈር ላይ ካልወደቀ መንገዱ ይቋረጣል። አንዳንድ እናቶች «ኩበት ስንጠፈጥፍ ይይዘን ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። የላም ፋንድያ የሰው ወስፋት የለበትም። በጋችንም የራሱ ትሎች አሉት፤ የበጉ በአብዛኛው ለበጉ፣ የእኛ በአብዛኛው ለእኛ ነው። የሚያሰጋው ኩበቱ በተለቀመበት መስክ ሰው ተጸዳድቶበት ከሆነ ነው። ስለዚህ ከኩበት በኋላም ሆነ ከጓሮ ሥራ በኋላ እጅን በሳሙና ወይም በአመድ አሽቶ መታጠብ ነው። ሳሙናው እንቁላሉን አይገድለውም፤ ግን ከእጅ ላይ አጥቦ ይወስደዋል። ውኃ ውስጥ የሚጨመር ክሎሪንም የወስፋትን እንቁላል አይገድልም፤ ማፍላት ግን ይገድለዋል። የእንዶድ ነገርም ይጠየቃል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። ያ ምርምር ግን ስለ ቢልሃርዚያ ነው፤ ቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሚያድግ ጠፍጣፋ ትል። ለወስፋት ብሎ እንዶድ የሚጠጣ ሰው ራሱን ይመርዛል።

ለድቡልቡሎቹ ትሎች የሚሰጠው አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ነው። አልቤንዳዞል 400 ሚሊግራም፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ እንክብል ወስፋትን በደንብ ያስወጣል፤ መንጠቆ ትልንም ያጠቃል። ለጅራፍ ትል አንድ ቀን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሐኪሙ ለሦስት ቀን ሊያዝ ይችላል። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚታደለው እንክብል ይኸው ነው። በማግስቱ የልጃችሁ ሰገራ ላይ ትል ብታዩ አትደንግጡ፤ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። እርግዝናዋ ሦስት ወር ያልሞላ ሴትና ዓመት ያልሞላው ሕፃን አይወስዱትም። እርጉዝ መሆኗን የምትጠረጥርም አስቀድማ ትናገር።

ግን የትኛው ትል እንዳለ በምን ይታወቃል? ወስፋት ወጥቶ ከታየ ነገሩ አልቋል። ያልታየ እንደሆነ የሚመረመረው እንቁላሉ ነው። የወስፋት እንቁላል በጣም ትንሽ ነው፤ 16 ያህሉ በመስመር ቢደረደሩ ነው 1 ሚሊሜትር የሚሞሉት። ስለዚህ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ይህ መሣሪያ ጤና ኬላ ላይ ብዙ ጊዜ የለም፤ ጤና ጣቢያ ላይ አለ። የላብራቶሪ ሠራተኛው የክብሪት እንጨት ጫፍ የሚያህል ሰገራ በመስተዋት ላይ ይቀባል፤ ጥቂት የጨው ውኃ ጠብ ያደርግበታል፤ ከዚያም አጎልቶ ያያል። የወስፋት እንቁላል ቡናማ ነው፤ ዙሪያው እንደ ጠጠር አጥር የተጎረበጠ ነው። የመንጠቆ ትል እንቁላል ቅርፊቱ ስስና እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው፤ ውስጡ እንደተድበለበለ ሊጥ አራት ወይም ስምንት ሆኖ ተከፍሎ ይታያል። የጅራፍ ትል እንቁላል ደግሞ ከበሮ ነው የሚመስለው፤ በሁለቱም ጫፉ ውታፍ አለው። እኔ ሦስቱን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ቶሎ የለየሁት ይህን ከበሮውን ነው።

ብዛቱንም መቁጠር ይቻላል። ካቶና ካትዝ በሚባሉ የጃፓንና የብራዚል ተመራማሪዎች ስም የሚጠራ ዘዴ አለ። የአንድ ግራም ሃያ አራተኛ የሆነ ሰገራ በትንሽ ቀዳዳ ይለካል። በዚያ ውስጥ ያሉት እንቁላሎች ተቆጥረው በ24 ይባዛሉ። 100 እንቁላል ከተቆጠረ በአንድ ግራም ውስጥ 2,400 አለ ማለት ነው። ሒሳቡን አሁን እናንተም ትችሉታላችሁ።

«የለብህም» የተባለ ሰው ሁሉ የለበትም ማለት አይደለም። ትሉ ገና ሁለት ወር ካልሆነው እንቁላል አይጥልም። ወንድ ትል ብቻ ካለም እንቁላል የለም። ሕመሙ ከቀጠለ በሌላ ቀን ደግሞ ማስመርመር ይገባል። ያቺ ሌሊት የምታሳክከው ትል ደግሞ በሰገራ ምርመራ ብዙ ጊዜ አትገኝም፤ ጠዋት ልጁ ሳይታጠብ መቀመጫው ላይ የሚጣበቅ ፕላስተር ተነክቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ሰገራ ይዛችሁ ስትሄዱ ከመሬት ላይ አትዝገኑ፤ የአፈር ትል ይገባበትና ያሳስታል። ሽንት አይቀላቀልበት። ንጹሕ ክዳን ያለው ዕቃ ጤና ጣቢያው ይሰጣል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ይበቃል። ያንኑ ጠዋት አድርሱት፤ ካደረ የመንጠቆ ትል እንቁላል ይፈለፈልና መለየቱ ያስቸግራል። ከአንድ ልጅ በላይ የምታስመረምሩ ከሆነ ዕቃዎቹ እንዳይለዋወጡ በየዕቃው ላይ የልጁን ስም፣ ዕድሜውንና ሰገራው የተወሰደበትን ሰዓት ራሳችሁ ጻፉበት።